የአክሱም የነሐስ ሳንቲሞችን ከዝገት ለመታደግ የግምጃ ቤት ሥርዓት ከኬሚካል ይቅደም

ከጣልያን አገር በ3 ክፍል ተነጣጥሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በነሐሴ 2000 ዓ.ም በጥንት ሥፍራው ቆሞ ሲመረቅ የመላው ሕዝብ ዓይን አርፎበት ነበር። 24 ሜትር ያህል ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ይህ ሐውልት ዘመም ቢል ወይም ቢሰነጠቅ ማንም ያየዋል፤ መሐንዲስ ይጠራለታል፤ በጀት ይያዝለታል። ከዚያው ሥልጣኔ የወጡና ክብደታቸው በአብዛኛው ከ2 ግራም የማያልፍ የነሐስ ሳንቲሞች ግን ይህ ዕድል የላቸውም። አንድ ሳንቲም በመሳቢያ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ቢለወጥ ጉዳቱን የሚያየው መሳቢያውን የከፈተው ሠራተኛ ብቻ ነው። መሳቢያው ካልተከፈተ ደግሞ የሚያየው የለም።

ከጥቅምት 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሚገኙ ቅርሶች ይዞታ ከመልሶ ግንባታው ጋር ተያይዞ በየመድረኩ ሲነሳ ቆይቷል። በየአካባቢው የሚካሄደው የመንገድና የቤት ግንባታም መሬትን በቆፈረ ቁጥር ከአፈር በታች ያለውን ያወጣል። በእነዚህ ውይይቶች ቅድሚያ የሚሰጠው ለሐውልቶች፣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለብራና መጻሕፍት ሲሆን፣ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በብረታ ብረት ቅርሶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በዝምታ የሚካሄድ በመሆኑ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ጉዳዩን ትኩረት የሚያሰጠው ሌላም ምክንያት አለ። የመከላከያው ዋነኛ ክፍል ውድ መሣሪያም ሆነ የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ባለው የንብረት አስተዳደር ሥርዓት ሊከናወን የሚችል መሆኑ ነው።

ሳንቲሞቹ የያዙት ታሪክ

አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በ270 ዓመተ ምሕረት ገደማ እ.ኤ.አ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ስም የራሷን ገንዘብ ማሳተም እንደጀመረች የታሪክ ምሁራን ያስረዳሉ። ገንዘቡ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ይሠራ ነበር። ይኸው ሥራ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በተከታታይ ነገሥታት ቀጥሏል። ወርቁ በአብዛኛው ለውጭ ንግድ ሲያገለግል ነሐሱ ለአገር ውስጥ የዕለት ተዕለት ግብይት ይውል እንደነበር ይታመናል።

የአገሪቱ ታላላቅ ለውጦች በእነዚህ ጥቃቅን ሳንቲሞች ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ። በንጉሥ ኢዛና ዘመን የጨረቃና የክብ ምልክቱ ቀርቶ መስቀል ሲተካ አገሪቱ ክርስትናን መቀበሏን ሳንቲሙ ይመሰክራል። የግዕዝ ፊደልም ከግሪኩ ጎን በገንዘብ ላይ መውጣት የጀመረው በዚሁ ክፍለ ዘመን ነው። ከነሐስ ሳንቲሞቹ መካከል “ይህ ለአገር ደስ ያሰኝ” የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ፤ የመጨረሻ ከሚባሉት አንዱ በሆነው በንጉሥ አርማህ የነሐስ ሳንቲም ላይ ደግሞ ለሕዝቦች ደስታን የሚመኝ የግዕዝ ቃል ይነበባል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከአክሱም ነገሥታት መካከል በርከት ያሉት ስማቸው የሚታወቀው በሳንቲሞቻቸው ብቻ መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ሳንቲም ላይ ጥቂት ፊደላት ጠፉ ማለት ከታሪክ መዝገብ አንድ ገጽ ተቀደደ ማለት ነው።

የአክሱም የብርና የነሐስ ሳንቲሞችን ከሌላው ዓለም ገንዘብ የሚለያቸው ሌላም ጠባይ አላቸው። በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ተለብጦ ይታያል። ለዕለት መገበያያ በሚውል አነስተኛ ሳንቲም ላይ ወርቅ የመለበጥ ልማድ የአክሱም ልዩ መታወቂያ ተደርጎ ይወሰዳል። ወርቁ ራሱ አይዝግም። እ.ኤ.አ በ1977 በየመን አል መድሃሪባ በተባለ ሥፍራ የተገኙት ከ800 የሚበልጡ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ነሐስ ግን ይዝጋል። ነሐስ ከወርቅ ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ወርቁ እንዳለ ሆኖ ነሐሱ ይበልጥ ይጎዳል። በመሆኑም ልባጡ የተሸከመው መሠረት ከሥር እየተበላ ሲሄድ ወርቁ ሊነሳና ሊረግፍ ይችላል።

ጎጂውንና ጎጂ ያልሆነውን ዝገት መለየት

ነሐስ በዋናነት መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሠራ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ እርሳስ ይጨመርበታል። ለዘመናት በአፈር ውስጥ የቆየ ነሐስ በመሬቱ ጠባይ መሠረት አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ልባስ ያበጃል። ይህ ልባስ ጠንካራና የተስተካከለ ከሆነ ጎጂ አይደለም፤ እንዲያውም ለሳንቲሙ ቆዳ ሆኖ ያገለግላል። የንጉሡ መልክና የፊደሉ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ተጠብቆ የሚገኘው በዚሁ ልባስ ውስጥ እንጂ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ አይደለም። ስለሆነም “ዝገቱን አጸዳለሁ” ብሎ ልባሱን እስከ ብረቱ ድረስ የሚፍቅ ሰው ጽሑፉን አብሮ ይፍቃል።

ባለሙያዎች “የነሐስ በሽታ” የሚሉት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስሙ በሽታ ይባል እንጂ ተሕዋስ የሚያመጣው አይደለም፤ መነሻው በአፈር ውስጥ የሚገኝ ጨው ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ ከልባሱ ሥር፣ ከብረቱ አጠገብ ይደበቃል። ሳንቲሙ ከመሬት ወጥቶ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ይህ የተደበቀ ውሁድ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል። ዱቄቱ ከቀድሞው ውሁድ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ልባሱን ከሥር ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በለውጡ ሂደት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለሚፈጠር አሲዱ ያልተነካውን ብረት ያጠቃል፤ ጥቃቱም አዲስ ክሎራይድ ያዘለ ውሁድ ያስገኛል፤ ይህም በተራው ዱቄት ይሆናል። እንዲህ እየተመላለሰ ብረቱ እስኪያልቅ ሊቀጥል ይችላል። ይህን የዑደት ጠባይ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ማርሴላን በርተሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አስረድቶታል።

ዑደቱን የሚያስነሳው ዋናው ነገር የአየር እርጥበት ነው። በመስኩ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት አንጻራዊ የአየር እርጥበት ከ42 እስከ 46 በመቶ ከሚሆነው ደረጃ በታች ሲሆን ለውጡ በተግባር ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ይቀጥላል፤ ከፍ ባለ ቁጥርም ይፋጠናል። በክረምት ወራት በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ያለው እርጥበት ከዚህ ገደብ እጅግ የላቀ ነው። እንግዲህ በአፈር ውስጥ 1 ሺህ 600 ዓመት የኖረ ሳንቲም ከወጣ በኋላ በጥቂት ክረምት ሊበላሽ የሚችልበት ምክንያት ይኸው ነው። በአፈር ውስጥ ከአካባቢው ጋር ተስማምቶ የቆየው ነገር አየርና እርጥበት ሲፈራረቁበት ዕርቁ ይፈርሳል።

በሽታውን ለመለየት ረቂቅ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ንጹሕ ነጭ ወረቀት፣ አጉሊ መነጽርና ስል የእንጨት ስንጥር ለመጀመሪያው ምርመራ ይበቃሉ። ሳንቲሙ በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ለቀናት ሲቆይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ቢረግፍ አስጊ ምልክት ነው። ነጠብጣቡ በስንጥር ሲነካ እንደ ዱቄት ከተነሳና ከሥሩ ጉድጓድ ከታየ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በአንጻሩ ነጠብጣቡ ጠንካራ፣ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ስንጥሩን የሚቋቋም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ልባስ ነው። ጊዜም አንዱ መለያ ነው። የረጋው ልባስ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ በሽታው ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ አዲስ ነጠብጣብ አብቅሎ ይገኛል። ለዚህም ነው ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ የሚጠቅመው።

ጥርጣሬውን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዱቄቱ ጥቂት ተወስዶ በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ከሟሟ በኋላ የብር ናይትሬት ጠብታ ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ ቢታይ ክሎራይድ መኖሩን ያመለክታል። ይህ ምርመራ የሚደረገው በረገፈው ዱቄት ላይ እንጂ በሳንቲሙ ላይ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ለስላሳ የፕላስቲክ ማቀፊያዎች ከጊዜ ብዛት የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት በሳንቲም ላይ ስለሚተዉ ይህ ከነሐስ በሽታ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሚያጣብቅ ከሆነ ጥፋቱ የማቀፊያው ነው፤ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ግን ችግሩ ያለው በሳንቲሙ ውስጥ ነው።

ሕክምናውና ወሰኑ

የታመመ ሳንቲም ሲገኝ የመጀመሪያው እርምጃ ማድረቅ ነው። ሳንቲሙ ከሌሎች ተለይቶ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ጋር ሲቀመጥ ዑደቱ ይገታል። መለየቱ ተላላፊ ተሕዋስ ስላለ ሳይሆን የሚረግፈው ዱቄት ሌሎቹን እንዳያረክስና ክትትሉም እንዲቀል ነው። ይህን ማንኛውም ጠንቃቃ ሠራተኛ ሊያከናውነው ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ግን የቅርስ ጥገና ባለሙያ ድርሻ ነው።

ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ ዱቄቱን በጥቃቅን መሣሪያዎች ያነሳል። ክሎራይዱን ለማውጣት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ይሠራበት የነበረው ዘዴ ሳንቲሙን 5 በመቶ በሆነ የሶዲየም ሴስኩዊካርቦኔት ውሕድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መዘፍዘፍና ውሕዱን በየጊዜው መለወጥ ነው። ዘዴው ክሎራይድን ቢቀንስም የልባሱን ቀለም ይለውጣል፤ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ውሁድም ሊፈጥር ይችላል። በመሆኑም ለሁሉም ሳንቲም አይመከርም። ዴንማርካዊው የጥገና ባለሙያ ማድሰን እ.ኤ.አ በ1967 ያስተዋወቀው ዘዴ ደግሞ ቤንዞትሪያዞል በተባለ ኬሚካል ላይ የተመሠረተ ነው። ኬሚካሉ በአልኮል ውስጥ 3 በመቶ በሆነ መጠን ሟሙቶ ሳንቲሙ ሲነከርበት ከመዳቡ ጋር ተያይዞ ስስ መከላከያ ያበጃል። በኋላም ግልጽ የሆነ መከላከያ ቀለም ይቀባል። ቤንዞትሪያዞል ለጤና ጎጂ ሊሆን ስለሚችል ያለ ጓንትና በቂ አየር በሌለበት ክፍል መጠቀም አይገባም።

ከእነዚህ ዘዴዎች አንዳቸውም ክሎራይድን ሙሉ በሙሉ አያስወግዱም። ታክሞ የተመለሰ ሳንቲም በእርጥብ ክፍል ቢቀመጥ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ያልታከመ ሳንቲም ግን ደረቅ አየር ውስጥ ከተቀመጠ ለረጅም ዘመን ሊጸና ይችላል። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው ያለ ደረቅ ማስቀመጫ ዋጋ የለውም፤ ደረቅ ማስቀመጫ ግን ያለ ሕክምናም ይጠቅማል። ስለሆነም ውስን በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ከኬሚካል ግዥ በፊት ማስቀመጫውን ማስተካከል ይኖርበታል።

በቅን ልቦና የሚፈጸም ስሕተት ከዝገቱ ባልተናነሰ ሲጎዳ ይታያል። በየቤቱ የነሐስ ዕቃን በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማወልወል የቆየ ልማድ ነው። ለቤት ዕቃ የሚስማማው ይህ ዘዴ ለጥንታዊ ሳንቲም ጥፋት ነው። የሎሚው አሲድ ልባሱን ያሟሟል፤ አመዱ ፊደሉን ይፍቃል፤ የወርቅ ልባጡም መሠረቱን ያጣል። ኮምጣጤ፣ አሸዋና የሽቦ ብሩሽም እንዲሁ ናቸው። በቧንቧ ውኃ ማጠብም ቢሆን አይመከርም፤ ውኃው ራሱ ክሎራይድ ሊይዝ ይችላልና። በባዶ እጅ መነካካት የላብ ጨው ስለሚያሳርፍ ሳንቲሙ በጓንት፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ተይዞ ሊነሳ ይገባል። አሸብርቆ የሚታይ ጥንታዊ ሳንቲም ጥሩ ይዞታ አለው ማለት እንዳልሆነም መገንዘብ ያሻል፤ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ታጥቦ የወጣ ሳንቲም ነው።

ጉዳዩ የንብረት አስተዳደር ጉዳይ ነው

በአክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ በእርሻ ማሳና በመንገድ ዳር ሳንቲም ማግኘት የቆየ ነገር ነው። ከተገኘው ከፊሉ ለጎብኚ ይሸጣል፤ ከፊሉ በቤት ይቀራል፤ ወደ መንግሥት እጅ የሚገባም አለ። ወደ መንግሥት እጅ የሚገባው በተለያየ መንገድ ነው። በቁፋሮ የተገኘ በሙዚየም፣ በገበሬ የቀረበ በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ በፍተሻ የተያዘ በጉምሩክ፣ በወንጀል ምርመራ የተያዘ በፖሊስ ኤግዚቢት ክፍል ይቀመጣል። የፍርድ ሂደት ጊዜ በሚወስድበት ወቅት ኤግዚቢቱ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ክረምትን በክረምት ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ተብሎ የተያዘው ቅርስ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ራሱ እንዳይጠፋ ማሰብ የሚኖርበት ኤግዚቢቱን የተረከበው ክፍል ነው።

ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ሲደረግ የሚሞላው ዓይነቱ፣ ብዛቱና ዋጋው ነው። “የነሐስ ሳንቲም፣ 12 ፍሬ” ተብሎ የተመዘገበ ንብረት በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ 12 ፍሬ ሆኖ ከተገኘ ሒሳቡ ትክክል ነው ይባላል። ከ12ቱ 3ቱ ጽሑፋቸው ተሰነጣጥቆ ወደ ዱቄት እየተለወጡ ቢሆን ቆጠራው ይህን አያሳይም። በመሆኑም ለእንዲህ ያሉ ንብረቶች ከብዛቱ ጎን የይዞታ መግለጫና ፎቶግራፍ የሚያያዝበት ቀላል ቅጽ ቢኖር ችግሩ ሳይባባስ ሊታወቅ ይችላል። የተገኘበት ሥፍራና ቀን መመዝገቡም እኩል አስፈላጊ ነው፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሳንቲም የታሪክ ማስረጃነቱ ግማሹን ያጣልና።

የጊዜ አቆጣጠራችንም ለዚህ ሥራ ይመቻል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋውና የንብረት ቆጠራ የሚካሄደው በሰኔ 30፣ ማለትም በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። በዚሁ ቆጠራ ወቅት እያንዳንዱ ሳንቲም በነጭ ወረቀት ላይ ታይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ እርጥበት መጣጩ ተለውጦ ቢቀመጥና ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም መጨረሻ ዳግም ቢታይ በዓመት 2 ጊዜ የተሟላ ምርመራ ይደረጋል። የ2ቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስተያይቶ አዲስ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ለመለየት የኬሚስትሪ ዕውቀት አይጠይቅም።

የሚያስፈልገው ቁሳቁስም አነስተኛ ነው። በደንብ የሚገጠም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ በአዲስ ጫማና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካርቶን ውስጥ በትንንሽ ከረጢት የሚገኘው ሲሊካ ጄል የተባለ እርጥበት መጣጭ፣ እንዲሁም ቀለሙን በመለወጥ የእርጥበቱን ደረጃ የሚያሳይ ካርድ በቂ ናቸው። ሲሊካ ጄል እርጥበት ሲጠግብ በምድጃ ደርቆ እንደገና ማገልገል ይችላል። በዕቃው ውስጥ ያለው እርጥበት ከ40 በመቶ በታች፣ በሽታ የታየባቸው ሳንቲሞች ባሉበት ደግሞ ከ35 በመቶ በታች እንዲሆን ቢደረግ ይመረጣል። የእንጨት መሳቢያና ተራ ካርቶን አሲድ ያዘለ ትነት ሊያወጡ ስለሚችሉ ሳንቲምን በቀጥታ በእነርሱ ላይ ማኖር ጥሩ አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ አሠራር መሠረት ጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ቅርሱን እንዳለ ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት፣ በድንገት ያገኘውን ያስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጠው ተደንግጓል። ማናቸውም የጥገና ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት እንደሚኖርበትም አዋጁ ይገልጻል። “እንዳለ ጠብቆ” የሚለው ቃል ለሳንቲም ሲተረጎም አለማጠብ፣ አለመፈተግ፣ በደረቅ ሥፍራ ማኖር ማለት ነው። ገበሬው ይህን እንዲያውቅ ከተፈለገ ሳንቲሙን የሚረከበው የወረዳ ሠራተኛ በቅድሚያ ሊያውቀው ይገባል። አጽድቶ ያመጣውን የሚያመሰግን፣ ከነአፈሩ ያመጣውን የሚገሥጽ ሠራተኛ ሳያውቀው ጥፋትን ያስተምራል።

እርግጥ ነው፣ ደረቅ ዕቃና መዝገብ ሁሉንም ችግር አይፈቱም። የሠለጠኑ የጥገና ባለሙያዎች ቁጥር መጨመር፣ የላቦራቶሪ አቅም መጠናከርና በየክልሉ ያሉ ሙዚየሞች ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጋር ያላቸው ትስስር መጎልበት ይኖርበታል። ይህ ግን ዓመታትን የሚጠይቅ ሲሆን ዝገቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ ሳንቲሙን በሕይወት የሚያቆየው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ነው።

የሙዚየም፣ የባህልና ቱሪዝም፣ የጉምሩክ፣ የፖሊስና የፍትሕ አካላት በየእጃቸው ያለውን የነሐስ ሳንቲም በመጪው የሰኔ ቆጠራ ከብዛቱ ባሻገር በይዞታው ጭምር ቢመረምሩ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የታየበትን ለይተው ቢያደርቁና ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ቢያሳውቁ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊጀመር የሚችል ሥራ ይሆናል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን “ለአገር ደስ ያሰኝ” ተብሎ የተቀረጸ ቃል በአፈር ውስጥ ሳይጠፋ ዘመናችን ላይ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ሳይጠፋ መተላለፉ የሚወሰነው ሳንቲሙን ፈርሞ በተረከበው መሥሪያ ቤት ነው።